የዝርያ ዛፍ ስትሰሩ ዘዴ ከማወዳደራችሁ በፊት እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

እዚህ ባህር ዳር የጣና በርባስ (የሐይቁ ዓሣ) ወይም ጤፍ ላይ ቴሲስ የሚሰሩ ልጆች ሁሌ የሚጠይቁኝ የዝርያ ዛፍ፣ ማለትም ዝርያዎች እንዴት እንደሚዛመዱ የሚያሳይ ሥዕል፣ ለመስራት የትኛው ዘዴ ይሻላል ብለው ነው፣ ግን ዛፉ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ከዛ በፊት ነው።

ዩፒጂኤምኤን (በጣም የሚቀራረቡትን እያጣመረ ዛፍ የሚሰራ ዘዴ) ዝም ብሎ ከሌሎቹ ጋር ማወዳደር አንዱ ነው። ይሄ ዘዴ የሚነሳው ሁሉም ዝርያ እኩል ፍጥነት ይቀየራል ብሎ ነው። ሀ እና ለ እህትማማች ናቸው እንበል፣ ለ ግን በጣም ፈጥና ተቀይራለች፤ ሐ የሚባል ሩቅ ዘመድ ጨምሩና በዲኤንኤ ልዩነት ሀ ከ ለ 7 ትርቃለች፣ ሀ ከ ሐ 4፣ ለ ከ ሐ ደግሞ 9። ዩፒጂኤምኤ ትንሿን 4 ያይና ሀን ከ ሐ ጋር ያገናኛታል፣ እህቷ ውጭ ቀረች ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ኔበር ጆይኒንግ የሚባል ሌላ የርቀት ዘዴ ግን የፍጥነት ልዩነቱን ያገናዝባል።

ፓርሲመኒ (ትንሹን ለውጥ የሚጠይቀውን ዛፍ የሚመርጥ ዘዴ) ላይ ደግሞ ዳታ ስጨምር ይስተካከላል የሚሉ አሉ። ተመራማሪው ፌልሰንስታይን እ.ኤ.አ. በ1978 እንዳሳየው ፈጥነው የተቀየሩ ሁለት ረጃጅም ቅርንጫፎች ዝምድና ሳይኖራቸው ሊጣበቁ ይችላሉ፣ እንዲህ ከሆነ ዳታው በበዛ ቁጥር ስህተቱ ይጠነክራል እንጂ አይታረምም። ላይክሊሁድ (በአንድ የለውጥ ሞዴል መሰረት ዳታውን የማስገኘት ዕድሉ ከፍ ያለውን ዛፍ የሚመርጥ ዘዴ) ይሄን የተሻለ ይቋቋማል፣ እሱም ቢሆን ሞዴሉ በደንብ ከተመረጠ ነው።

የቅርንጫፍ አስተማማኝነት መለኪያ የሆኑት ቡትስትራፕ 95 (ከዳታው በዕጣ ደጋግሞ ሲወሰድ ቅርንጫፉ ከመቶ ስንቴ እንደወጣ) እና ቤይዥያን 0.95 (በዳታውና በሞዴሉ መሰረት ቅርንጫፉ ትክክል የመሆን ዕድል) አንድ አይደሉም፣ ቤይዥያኑ ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል፣ ስለዚህ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ይሄኛው አሸነፈ አትበሉ።

ለበርባስ ዛፍ አምባዛን የውጭ ማነፃፀሪያ (የዛፉን ስር ለመትከል የሚጨመር ዝርያ) ማድረግም አይሆንም፣ ሁለቱም ከአንድ መረብ ይውጡ እንጂ ዝምድናቸው በጣም ሩቅ ነው፣ ስሩ የተሳሳተ ቦታ ይተከልባችኋል። ከሌላ ተፋሰስ የመጣ በርባስ ይሻላል።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ የጂን ቅጂ ነገር ነው። ጤፍ ከሁለት የተለያዩ አባት ዘሮች የተዋሃደ ነው፣ ከሁለቱም የጂን ቅጂ ይዟል፣ 40 ክሮሞዞም አለው፣ ትልልቆቹ በርባሶች ደግሞ የክሮሞዞም ስብስባቸው ስድስት እጥፍ ሆኖ 150 ገደማ ክሮሞዞም አላቸው። ከአንዱ ናሙና የአንዱን ዘር ቅጂ ከሌላው የሌላውን ከወሰዳችሁ ሶፍትዌሩ የሚያወጣው ዛፍ የቅጂዎቹ ነው፣ የዝርያዎቹ አይደለም፣ የትኛውም ዘዴ ይሄን አያድናችሁም።

ደሞ በማይቶኮንድሪያ (ከሴሉ አስኳል ውጭ ያለ የሴል ክፍል) ዲኤንኤ ብቻ የጣናን 15 ገደማ በርባሶች ለመለየት አትድከሙ፤ ገና በቅርብ የተለያዩ ስለሆኑ ዲኤንኤያቸው ተቀላቅሎ ነው የሚወጣው፣ ሁሉም ዘዴ ደካማ ቅርንጫፍ ሲሰጣችሁ ዘዴ ከመቀያየር ከኑክሌር ጂኖም (በሴሉ አስኳል ካለው ዲኤንኤ) ብዙ ቦታ አንብቡ።