«ሳህን ይዛችሁ ኑ» ሲሏችሁ፦ በአውስትራሊያ የአራዳ ቋንቋ የምንሳሳትባቸው ቦታዎች

አውስትራሊያ የገባ አዲስ ሰው የሚፈራው የማያውቀውን ቃል ነው። «አርቮ» ሲሉት ግራ ይገባዋል፤ ይጠይቃል፤ ከሰዓት በኋላ ማለት እንደሆነ ይነግሩታል። አለቀ። ጉድ የሚሠራው የሚያውቀው የመሰለው ቃል ነው።

ዋናው ስህተት የሳህኑ ነው። ለግብዣ ሲጠሯችሁ «ብሪንግ ኧ ፕሌት» ይሏችኋል፤ ቃል በቃል «ሳህን ይዛችሁ ኑ» ነው። አዲሱ ሰው «ምስኪኖች፣ ዕቃ አጥሯቸው ይሆናል» ብሎ ሳህኑን አጥቦ፣ ወልውሎ፣ ባዶውን ይዞ ከች ይላል። የተፈለገው ግን ሳህኑ ላይ ያለው ምግብ ነበር! ከየአገሩ የመጡ ስደተኞች ይህንኑ ታሪክ እየሳቁ ያወሩታል፤ ከደረሰባችሁ ብቻችሁን አይደላችሁም። ዘዴው ለኛ ሰው አይጠፋውም፤ ድፎ ዳቦ ይዞ መሄድ ነው።

«ቲ» ሻይ ብቻ አይምሰላችሁ። ብዙ ቤት እራት ማለት ነው። ጥርግ አድርጋችሁ በልታችሁ አትሂዱ። እዚያ ደግሞ «በሞቴ» ብሎ የሚያጎርስ የለም፤ አንዴ «በቃኝ» ካላችሁ በቃችሁ።

እነሱ ራሳቸው ግን ቀጥ ብለው እምቢ አይሉም። «ያ፣ ናህ» ይላሉ፤ አዎ፣ አይ እንደማለት። የመጀመሪያዋን ቃል ይዛችሁ አትደሰቱ። ቁም ነገሩ መጨረሻ ላይ ነው፤ «ያ፣ ናህ» አይሆንም ነው፤ «ናህ፣ ያ» ደግሞ እሺ። ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ አይከብድም።

ሰላምታውም ያሳስታል። «ሃው ያ ጎይንግ» በምን ትሄዳለህ ማለት ስላልሆነ «በባቡር» ብላችሁ አትመልሱ። እንዴት ነህ ነው። «ጉድ፣ አንተስ» በቂ ነው፤ የቤተሰቡን ጤና ስትዘረዝሩ ሰውየው አልፏችሁ ሄዷል። «ግዳይ» የሚሉትም አደን ወጥተው አይደለም፤ ደህና ዋልክ ነው።

«ማይ ሻውት» ያለ ሰው አይጮህም፤ ሂሳቡ በኔ ነው እያለ ነው። መጠጥ ቤት ውስጥ ግን ግብዣው ተራ አለው። የሌሎችን ጠጥቶ ተራው ሳይደርስ የሚሾልክ ሰው ስሙ ይበላሻል።

ከአሜሪካ ዘመድ ከመጣባችሁ አስቀድማችሁ ምከሩት። ለቡድኑ ድጋፉን ለመግለጽ እንደለመደው «ሩት» ካለ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል፤ እዚህ የመኝታ ቤት ቃል ነው። «ቶንግስ» ደግሞ ነጠላ ጫማ ነው እንጂ የውስጥ ሱሪ አይደለም።

የቃላቱን አመጣጥ በተመለከተ የሚወራውን ሁሉ ማመንም ስህተት ነው። በዚህ ተወላጆቹም ይሳሳታሉ። «ፌር ዲንከም»፣ የምር ማለት ነው፣ ከቻይናውያን ወርቅ ቆፋሪዎች መጣ ይባላል። አጥኚዎቹ አይቀበሉትም፤ ምንጩ ዲንከም ሥራ ማለት የነበረበት የእንግሊዝ ገጠር ዘዬ ነው። «ካንጋሮ» አላውቅም ማለት ነው የሚለውም ተረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 የእንግሊዛዊው ካፒቴን ኩክ መርከበኞች ቃሉን የሰሙት ጉጉ ይሚዲር ከሚባለው የአገሩ ነባር ሕዝብ ነው፤ «ጋንጉሩ» የአንድ ዓይነት ካንጋሮ ስም ነው። እውነተኛው ታሪክ ከተረቱ ይጣፍጣል። ከ1788 ጀምሮ ከእንግሊዝ የተጋዙ እስረኞች የሌባ ቋንቋቸውን ይዘው መጡ። ከነሱ አንዱ፣ ጄምስ ሃርዲ ቮክስ፣ በ1812 የአውስትራሊያዋ ኒውካስል ሳለ ቃላቱን ሰብስቦ ጻፈ፤ በ1819 ታተመ። እዚያ ውስጥ «ስዋግ» የተሰረቀ ዕቃ ነው፤ በኋላ የመንገደኛ ጓዝ ሆነ።

«ማይት» ጓደኛ ማለት ነው ብላችሁም አትዘናጉ። ለስለስ ብሎ ሲወጣ ወዳጅነት ነው። ዝግ ብሎ፣ ተጎትቶ «ሉክ፣ ማይት» ከተባላችሁ ግን ሰውየው ጦፏል። ያኔ «ሶሪ፣ ማይት» ብሎ ዘወር ማለት ነው።