ጥጃ ሲያስቀምጠው ምን እናድርግ? መንስኤውን በዕድሜው መለየት

ማለዳ በረት ገብተው የጥጃዎ ጭራና የኋላ እግሮች በቢጫ ፈሳሽ ርሰው ካገኙ፣ መድኃኒት ፍለጋ ከመሮጥዎ በፊት አጠገቡ ተንበርክከው ምን ያህል ውሃ እንዳጣ ይመልከቱ። ተቅማጡን ያመጣው ባክቴሪያም ይሁን ቫይረስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥጃውን የሚገድለው ከሰውነቱ የሚወጣው ውሃና ጨው ነው፤ 30 ኪሎ የሚመዝን ጥጃ ከክብደቱ 8 በመቶ ያህሉን በተቅማጥ ሲያጣ 2.4 ሊትር ፈሳሽ ወጣ ማለት ነው።

የአንገቱን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጥጠው ይልቀቁት። የጤነኛ ጥጃ ቆዳ ወዲያው ይመለሳል፤ ከ2 ሰከንድ በላይ እንደተሸበሸበ ከቆየና ዓይኑም ወደ ውስጥ ሰርጉዶ ከቆቡ ጋር ክፍተት ከፈጠረ ጉዳቱ ከፍቷል። ከዚያ የታጠበ ጣትዎን አፉ ውስጥ ያስገቡ። አፉ ሞቅ ያለና ጣትዎን አጥብቆ የሚጠባ ከሆነ በአፍ በሚሰጥ ፈሳሽ ሊያገግም ይችላል። አፉ ከቀዘቀዘ ወይም መጥባትና መቆም ካቃተው ግን ፈሳሹ በደም ሥር መሰጠት ስላለበት፣ የእንስሳት ሐኪም ሳይውል ሳያድር ይጠራ፤ በግድ መጋት ፈሳሹን ወደ ሳንባው ሊያስገባው ይችላል።

ለጥጃ የተዘጋጀ የውሃና የጨው መተኪያ ዱቄት ካገኙ በመመሪያው መሠረት ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ በጥብጠው፣ ከወተቱ ሌላ በቀን ከ2 እስከ 4 ሊትር ከፋፍለው ይስጡት። ካጡ፣ ለሰው የሚሸጠው ኦአርኤስ ሐኪም እስኪደርስ ያግዛል። ፈሳሹን ከወተት ጋር አይቀላቅሉ፤ በመካከላቸው ጥቂት ሰዓታት ይኑር። ወተቱን መከልከል በብዙ ቤት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ጥጃው የሚታገልበትን ጉልበት የሚያገኘው ከወተቱ ነውና በትንሽ በትንሹ ደጋግሞ ይጥባ።

አሁን ዕድሜውን በቀን ይቁጠሩ። በተወለደ በ5 ቀን ውስጥ እንደ ውሃ የሚወርድ ተቅማጥ ከጀመረው በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ሲሆን፣ በሰዓታት ውስጥ ሊጥለው ይችላል። በግምት ከ5ኛው ቀን እስከ 3ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ሮታቫይረስ፣ ኮሮናቫይረስና ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ ይበዛሉ፤ ብዙ ጊዜም ሁለቱ ወይም ሦስቱ አብረው ስለሚገኙ በቀለምና በጠረን ብቻ መለየት አይቻልም። ከ3 ሳምንት በኋላ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ እያማጠ የሚያወጣ ጥጃ ኮክሲዲያ የተባለው የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ ሊኖርበት ይችላል። ትኩሳት ከደምና ከክፉ ጠረን ጋር ሲመጣ ግን ሳልሞኔላ የተባለው ባክቴሪያ ይጠረጠራል፤ ይህ በማንኛውም ዕድሜ ሊከሰት ይችላል። አንቲባዮቲክ ቫይረሶቹንም ክሪፕቶስፖሪዲየምንም ስለማይገድል፣ ከመደብር ገዝቶ በግምት መውጋት ብዙውን ጊዜ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪሙ ይወስን።

ለሚቀጥለው ጥጃ ዝግጅቱ የሚጀምረው ላሟ ከመውለዷ በፊት ነው። ማሕፀን ውስጥ ሳለ ከእናቱ የበሽታ መከላከያ ስለማያገኝ፣ በተወለደ በ6 ሰዓት ውስጥ የክብደቱን አንድ አሥረኛ ያህል እንገር መጠጣት አለበት፤ ለ30 ኪሎ ጥጃ 3 ሊትር ገደማ መሆኑ ነው። እንገር በቤታችን ተወዳጅ ምግብ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም ከ24 ሰዓት በኋላ የጥጃው አንጀት መከላከያውን ወደ ደም ማሳለፍ ያቆማልና ቅድሚያው የእሱ ይሁን። መውለጃው በደረቅ ገለባ ይነጠፍ፣ እትብቱም አዮዲን ይነከር።

የታመመውን ከሌሎቹ ለይተው፣ ጤነኞቹን አስቀድመው አጠጥተው እሱን በመጨረሻ፣ በራሱ ባልዲ ይመግቡት። ክሪፕቶስፖሪዲየምን በረኪና አይገድለውም፤ እበቱን ጠርገው ባልዲውን በፈላ ውሃ ያጥቡና ፀሐይ ላይ ያድርቁት። ይህ ተሕዋስና ሳልሞኔላ ወደ ሰውም ስለሚተላለፉ፣ ሕፃናት በረቱ አካባቢ አይጫወቱ፤ እርስዎም ከጥጃው ሲነሡ ምንም ነገር ከመንካትዎ በፊት እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።