የጀልባ ሞተር ስትገጥሙ እነዚህን አታድርጉ

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ጠዋት የቆመ ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ሞተሩ ይጮሃል፣ ጀልባዋ ግን ንቅንቅ አትልም። ባለቤቱ ነዳጅ ሲጨምርለት ጩኸቱ ይብሳል። ከዚያ "ሻጩ ሸወደኝ" ይመጣል። ብዙ ጊዜ ሞተሩ ምንም አልሆነም፤ የተበላሸው አገጣጠሙ ነው።

ትልቁ ስህተት ገና ከግዢው ይጀምራል። ሰው ሞተር ሲገዛ "ስንት ፈረስ ነው?" ይላል። 15 ከተባለ ደስ ብሎት ይከፍላል፣ አስጭኖ ይመጣል። የእግሩን፣ ማለትም ወደ ውሃ የሚወርደውን ክፍል፣ ርዝመት የሚጠይቅ የለም። ትንንሽ ሞተሮች በብዛት በሁለት ዓይነት እግር ይመጣሉ፤ አጭሩ 38 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ረጅሙ 51 ገደማ። የሚለካው ሞተሩ ጀልባዋ ላይ ከሚንጠለጠልበት ቦታ ጀምሮ ከፕሮፔለሩ በላይ እስካለችው ጠፍጣፋ ክንፍ ድረስ ነው። ከጀልባዋ በኩል ደግሞ የኋላ ሰሌዳውን ከላይኛው ጫፍ እስከ ሆዷ ለኩ። መሃል ላይ እንጂ ዳር ላይ አይደለም። ሁለቱ ቁጥሮች መቀራረብ አለባቸው።

ያቺ ክንፍ ከጀልባዋ ሆድ ጋር እኩል፣ ወይም ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብላ ነው መቀመጥ ያለባት። ከፍ ካለች ፕሮፔለሩ አየር ይስባል። ያ ሁሉ ጩኸት ከዚህ ነው የሚመጣው። በጣም ዝቅ ካለች ደግሞ ፍጥነት ትበላለች፣ ውሃ ትረጫለች፣ ዳር ስትጠጉም ፕሮፔለሩ መሬት ይመታል።

እኔን የሚያናድደኝ ግን ከዚህ በኋላ የሚመጣው "መላ" ነው። አጭር እግር የገዛ ሰው ሞተሩን አይለውጥም፤ መጋዝ ያነሳል። የኋላ ሰሌዳውን ቆርጦ ያወርዳል። አንድ ልጅ ይህንኑ አድርጎ "ጋሼ፣ እስቲ እይልኝ፣ አሁን ልክ ገባ!" ብሎ ጠራኝ። እውነትም ገብቷል፣ ክንፏ ልክ ናት። ሰሌዳው ግን ከውሃው በላይ የቀረው አንድ ስንዝር አይሞላም።

"ከሰዓት በዚህ ልትወጣ ነው?" አልኩት።

"ምን ችግር አለው ጋሼ?"

የሐዋሳ ሐይቅ ጠዋት ዝም ይላል። ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ሌላ ሐይቅ ነው። ልጁ ሰዎች ጭኖ ጥቁር ውሃ በሚባለው ቦታ በኩል ጉማሬ ሊያሳይ ወጣ። ጉማሬዎቹ ብቅ ሲሉ ደንግጦ ሞተሩን በአንዴ ቀነሰው። ጀልባ እየሮጠች በድንገት ስትቀንስ ራሷ ያስነሳችው ማዕበል ከኋላ ይደርስባታል። በተቆረጠው በኩል ዘው ብሎ ገባ። ጫማው፣ ጀሪካኑ፣ የሰዎቹ ምሳ ሁሉ ተንሳፈፈ። ደግነቱ ሁሉም ላይፍ ጃኬት ለብሰዋል። በጣሳ እየጨለፉ ተመለሱ። ልጁ አሁንም ከእኔ ጋር ይስቃል፤ ተሳፋሪዎቹ የሚስቁ አይመስለኝም።

የኋላ ሰሌዳ አይቆረጥም። በቃ። ሞተሩን ሽጡና ረጅም እግር ግዙ። የተገላቢጦሽ ሆኖ እግሩ ረዝሞ ሰሌዳው ካጠረ ግን ጠንካራ እንጨት ጨምሮ ከፍ ማድረግ ይቻላል። በምስማር አይደለም፤ ዘልቆ በሚያልፍ ቡሎን፣ ከውስጥ በኩል በሰፊ ሮንዴላና በዳዶ።

ሁለቱን የእጅ ማጥበቂያዎች ብቻ አጥብቆ መሄድም አለ። ሞተር ይንቀጠቀጣል፣ ማጥበቂያው ይላላል። የሐይቁ ጥልቅ ቦታ ከ20 ሜትር ያልፋል፤ እዚያ የወደቀ ሞተር የዓሣዎቹ ነው። በቡሎን እሰሩት፣ በተጨማሪም ሰንሰለት አድርጉለት።

ቡሎን ለማስገባት ሰሌዳውን በትራፓኖ ስትበሱ ቀዳዳውን ሳትደፍኑ አትተዉት። ብዙዎቹ የፋይበር ጀልባዎች ሰሌዳ ውስጡ ኮምፔርሳቶ ነው። ውሃ ከገባበት ከላይ ደህና መስሎ ከውስጥ ይበሰብሳል። አሮጌ ጀልባ ከሆነች መጀመሪያ በመዶሻ እጀታ ቀስ እያላችሁ አንኳኩት። ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው ዱፍ ይላል።

"ይነሳ እንደሆነ ልየው" ብሎ ደረቅ መሬት ላይ ማስነሳትም አለ። ሞተሩን ለማቀዝቀዝ ውሃ የምትስበው የውስጥ ጎማ በሐይቁ ውሃ ነው የምትለሰልሰው። ውሃ ከሌለ ወዲያው ትቃጠላለች፣ ከዚያ ሞተሩ ራሱ ይግላል። በርሜል ውሃ ሙሉና እግሩን ከክንፏ በላይ ድረስ ንከሩት። ሲነሳ ከጎኑ ቀጭን ውሃ መፍሰስ አለበት። ካልፈሰሰ አጥፉት።

አሁን ከፍታው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሞተሩ ላይ የተጻፈው ጉልበት ደግሞ የባሕር ዳርቻ ጉልበት ነው። በየ300 ሜትሩ ሦስት በመቶ ያህል ይቀንሳል ተብሎ ይሰላል። ስለዚህ የእናንተ 15 ፈረስ እዚህ ከ12 ተኩል ብዙ አይርቅም። ሞተሩ ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቶት የሚያቃስት ከሆነ በአንድ ዙር ትንሽ የሚገፋ፣ ማለትም ዝቅ ያለ ቁጥር ያለው ፕሮፔለር ያስፈልገዋል። አየሩ ስለሚሳሳ አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ካርቡሬተርም ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭስ ይበዛል።

ጭሱን ያየ ሰው ምን ያደርጋል? ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀለውን ዘይት ይቀንሳል! ይህ ሞተር መግደል ነው። የባለ ሁለት ምት ሞተር ፒስተን ከዚያ ዘይት ሌላ የሚያለሰልሰው ነገር የለውም። የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ 50 ለ1 ካለ ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ነው፤ ጭስ በዛ ተብሎ አይቀነስም። የሚስተካከለው ካርቡሬተሩ ነው። ዘይት ቀንሶ ሞተሩ ነክሶ የቆመበት ሰው ከሞተሩ ዋጋ የማይተናነስ የጥገና ሂሳብ ይጠብቀዋል።

በትንንሾቹ ሞተሮች ፕሮፔለሩን የምትይዘው ፒን ስትሰበር በምስማር አትተኩ። እንድትሰበር ሆና ነው የተሠራችው። እሷ እንቢ ካለች የሚሰበረው የሞተሩ ማርሽ ጥርስ ነው። ትርፍ ፒን ኪስ ውስጥ ይኑር።

ስትወድቁ ተስባ ሞተሩን የምታጠፋዋን ቀይ ገመድ እጃችሁ ላይ እሰሩ እንጂ ሞተሩ ላይ ጠቅልላችሁ አትተዉ።

ከመጀመሪያው ጉዞ ስትመለሱ ቡሎኖቹን በሙሉ እንደገና አጥብቁ። አዲስ የተጨመረ እንጨት ይጨመቃል፤ ዳዶው ሲላላ ከውጭ አይታይም።