ጀርባው ዝግ የሆነ ሄድፎን አመራረጥ፦ ሰፊና ጥርት ያለ ድምፅ ለሚፈልግ

በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጦ የድምፅ ቅጂ ለሚያርም ሰው ጸጥታ በቀን ውስጥ ለጥቂት ሰዓት ብቻ የሚገኝ ነገር ነው። ጎህ ሳይቀድ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ቅዳሴውን ያሰማል፤ ቅዳሴው ሲያበቃ የታክሲ ረዳቶች «ቃሊቲ፣ ቃሊቲ» ማለት ይጀምራሉ፤ ረፋዱ ላይ ደግሞ ገና ባላለቀው የጎረቤት ሕንፃ ሥር የኮንክሪት ማደባለቂያው ይነሣል። ማታ ሥራ ሲቀጥል ልጆች ተኝተዋል፣ ግድግዳውም ስስ ነው። ጥሩ ድምፅ የሚወዱ ሰዎች አብዝተው የሚያወድሱት ጀርባው ክፍት የሆነው ሄድፎን የውጭውን ሁሉ ወደ ውስጥ፣ የውስጡንም ሁሉ ወደ ውጭ ስለሚያሳልፍ በእንዲህ ያለ ቤት አያሠራም። ስለዚህ ከከተማው ዳር ለምንኖር ሰዎች ዋናው ጥያቄ ዝግ ከሆኑት መካከል ድምፁ የማይታፈነው የትኛው ነው የሚለው ነው። ይህ ጽሑፍ እሱን ለይቶ መግዛት ለሚፈልግ የተዘጋጀ ነው።

በመጀመሪያ ዝግ ሄድፎን ለምን ጠባብ ድምፅ እንደሚሰጥ ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱን የያዘ ሰው ሱቅ ውስጥ ምን መመልከት እንዳለበት ራሱ ይደርስበታል። ድምፅ የሚያወጣው ስስ ገለፈት አየሩን ወደ ፊት የሚገፋውን ያህል ወደ ኋላም ይገፋል። ክፍት በሆነው ዓይነት የኋላው ድምፅ ወደ ክፍሉ ወጥቶ ይጠፋል፤ ዝግ በሆነው ግን ከጆሮ ኩባያው ግድግዳ ጋር ተጋጭቶ ይመለስና ገለፈቱ ስስ ስለሆነ አልፎ ወደ ጆሮ ይገባል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ 4 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ኩባያ ውስጥ ደርሶ የሚመለሰው ከአንድ ሺኛ ሴኮንድ ሩብ በማይሞላ ጊዜ ነው። ጆሮ ይህን እንደ ገደል ማሚቶ ለይቶ አይሰማውም፤ ዘፋኙ ጣሳ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስለዋል እንጂ። ከዚህ ሌላ፣ ከስፒከር ስናዳምጥ ሁለቱም ጆሮዎቻችን ሁለቱንም ስፒከሮች ይሰማሉ፤ በሄድፎን ግን ግራ ጆሮ የግራውን ብቻ፣ ቀኝ ጆሮ የቀኙን ብቻ ስለሚሰማ ሙዚቃው ጭንቅላታችን ውስጥ የተቀመጠ ይመስላል። የውጭ ጆሯችን እጥፋቶችም ድምፅ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ አእምሮ እንዲያውቅ የሚረዱ ናቸውና፣ በእነሱ ላይ የሚጫን ትንሽ ኩባያ ያን እርዳታ ያሳጣል።

እንግዲህ ሄድፎኑን በእጅዎ ሲይዙ ከምርቱ ስም በፊት ጆሮን የሚከብበውን ለስላሳ ትራስ ውስጣዊ ክፍተት ይመልከቱ። ጆሮዎ ሙሉ በሙሉ ሊገባበትና ጫፉ የትም ሳይነካ ሊቀመጥበት ይገባል። ቀጥሎ ትራሱ ከፊት ስስ፣ ከኋላ ወፈር ያለ መሆኑን ወይም ድምፅ ሰጪው ክፍል ራሱ ከፊት ወደ ጆሮ ዘንበል ብሎ መቀመጡን ይዩ፤ ይህ አቀማመጥ ድምፁ ከስፒከር እንደሚመጣው ከፊት በኩል ወደ ጆሮ እጥፋቶች እንዲደርስ ያደርገዋል። ከዚያ አድርገውት ሳለ የኩባያውን ጀርባ በጥፍርዎ ቀስ ብለው መታ መታ ያድርጉት። ባዶ ቆርቆሮ እንደሚመታ የሚጮህ ከሆነ በውስጡ ድምፅ የሚመጥ ስፖንጅ ወይም ሱፍ በበቂ አልተቀመጠም ማለት ይሆናል፤ ድፍን ያለና ወዲያው የሚሞት ድምፅ ከሰጠ ጥሩ ምልክት ነው። ይህ ፈተና ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፤ ነገር ግን መብራት እንኳ ሳይኖር ሊደረግ ስለሚችል እኔ ሁልጊዜ ከእሱ እጀምራለሁ።

ከሁሉ በላይ የሚበልጠው ግን ትራሱ ከፊት ቆዳ ጋር የሚገጥምበት ሁኔታ ነው፤ ሰዎችም በብዛት የሚዘነጉት ይህንኑ ነው። ዝግ ሄድፎን ቤዙን፣ ማለትም ወፍራሙን ዝቅተኛ ድምፅ፣ የሚጠብቀው በጆሮና በገለፈቱ መካከል ያለውን አየር አፍኖ በመያዝ ነው። መነጽር የሚያደርጉ ከሆነ የመነጽሩ እግር ከትራሱ ሥር ስንጥቅ ይፈጥራል፤ ወፍራም ሹሩባ የተሠራችና ሻሽ ያሰረች ሴትም እንዲሁ፤ ጥቅጥቅ ያለ ጢም ያለው ወንድም ከመንጋጋው በኩል ክፍተት ይኖረዋል። በዚያች ክፍተት ከ200 ኸርዝ (በሴኮንድ ከ200 ንዝረት) በታች ያለው ድምፅ ይሾልካል፤ ከበሮው ይሳሳል፤ የቀረው ድምፅ ደግሞ ቀጭንና ሹል ሆኖ ይወጣል። አንድ ሄድፎን ለወዳጅዎ ግሩም ሆኖ ለእርስዎ የማይረባ የሚሆንበት ዋነኛ ምክንያት ይኸው ነው። ለማረጋገጥ ከበሮ ያለበት ዜማ ከፍተው ሁለቱን ኩባያዎች በመዳፍዎ ቀስ ብለው ወደ ራስዎ ይጫኗቸው። ቤዙ በግልጽ ከጨመረ ሄድፎኑ አልገጠመዎትም። ይህን ፈተና ዘወትር እንደሚሆኑት ሆነው፣ መነጽርዎን አድርገው፣ ሻሽዎን እንዳሰሩ ይሥሩት እንጂ ለሱቁ ብለው አውልቀው አይሞክሩት።

አሁን ወደ ማዳመጡ እንለፍ። ሻጩ የሚከፍትልዎ ዘፈን ለሽያጭ የተመረጠ፣ ቤዙ የሚያንቀጠቅጥ ስለሚሆን ከእሱ ምንም አይማሩም። በስልክዎ ላይ የራስዎን አራት ቅጂዎች ይዘው ይሂዱ፤ የሚያወዳድሯቸውንም ሄድፎኖች በአንድ የድምፅ ከፍታ ያዳምጧቸው፤ ጥቂት ከፍ ብሎ የሚጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና።

አንደኛው ቅጂ የበገና ይሁን። በገና አሥር አውታር አለው፤ በየአውታሩና በድልድዩ መካከል የሚገባው እንዚራ የሚባለው ቁራጭ ቆዳ ነው ያን የሚነዝር ድምፅ የሚሰጠው። በጥሩ ሄድፎን እያንዳንዱ ምት ሲጀመር ጣቱ አውታሩን ሲነካ፣ ከዚያም ንዝረቱ ሲነሣና ቀስ ብሎ ሲከስም ለየብቻ ይሰማል፤ የደርዳሪው ድምፅ ደግሞ ከንዝረቱ በላይ ሳይሸፈን ይቆማል። በታፈነው ሄድፎን ግን አሥሩ አውታር አንድ የንብ መንጋ ይሆናል። ከዚህ የተሻለ ፈተና አላገኘሁም፤ በዐቢይ ጾም የተቀረጸ አንድ የሩብ ሰዓት የበገና ቅጂ ከብዙ የመሣሪያ ዝርዝር መግለጫ የበለጠ አስተምሮኛል።

ሁለተኛው ዜና የሚያነብ ሰው ድምፅ ነው። ቋንቋችን ለዚህ ሥራ የተሠራ ይመስል ተና ጠን፣ ከና ቀን፣ ቸና ጨን ለያይቶ ይናገራል፤ «ጠጣ» ሲባል የሚሰማው ደረቅ ፍንዳታ «ተታ» ቢባል አይኖርም። ድምፁ ጥርት ያለ ሄድፎን ይህን ፍንዳታ አጭርና ንጹሕ አድርጎ ያሰማዎታል። ሰና ጸ ደግሞ ሲያፏጩና ጆሮ ሲወጉ ከሰሙ በ8 ኪሎ ኸርዝ (8 ሺህ ኸርዝ) አካባቢ ያለው ክፍል ከመጠን በላይ ተነሥቷል ማለት ነው። ይህን አጥብቀው ይያዙት፤ ምክንያቱም አንዳንድ አምራቾች የላይኛውን ድምፅ ከፍ፣ የመካከለኛውን ዝቅ በማድረግ ዘፋኙን ወደ ኋላ ይገፉና ሰፊ የሚመስል ነገር ግን ሐሰተኛ የሆነ ድምፅ ይፈጥራሉ። ለአምስት ደቂቃ ያስደስታል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ጆሮ ይደክማል።

ሦስተኛው የሠርግ ቅጂ ነው፤ እልልታና ጭብጨባ ያለበት፣ በስቴሪዮ የተቀረጸ። ዓይንዎን ጨፍነው እልል የሚሉትን ሴቶች ለመቁጠርና ማን በግራ፣ ማን ራቅ ብላ እንደቆመች ለመለየት ይሞክሩ። ስፋት የምንለው ይህ ነው፤ ድምፆቹ መራራቃቸው ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ የራሱ ቦታ ላይ ጸንቶ መቆየቱ ነው። አራተኛው በሞኖ የተቀረጸ የድሮ የሸክላ ዘፈን ይሁን። በሞኖ ቅጂ ሁለቱም ጆሮ አንድ ዓይነት ድምፅ ስለሚደርሳቸው ዘፋኙ ልክ መሐል መቆም አለበት። ወደ አንድ በኩል ካጋደለ ሄድፎኑን አገላብጠው የግራውን በቀኝ ያድርጉት፤ ማጋደሉ አብሮ ከዞረ ጉድለቱ የሄድፎኑ ወይም የስልኩ ነው፤ በዚያው ጆሮ በኩል ከቀረ ግን የጆሮዎ ነው።

ይህን የመጨረሻውን ፈተና የተማርኩት በኪሳራ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የታወቀ ምርት ስም የተጻፈበት ሄድፎን በርካሽ አግኝቼ ሳልሞክር ገዛሁ። ቤት ገብቼ ስከፍተው የዘፋኙ ድምፅ በቀኝ ጆሮዬ በኩል ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ትራሱን አውልቄ ሳይም ስፌቱ የተዛነፈ፣ ውስጡም ያለ አንዲት ቁራጭ ስፖንጅ ባዶ ነበር። በእሱ ያረምኩትን አንድ ሙሉ ቅጂ እንደገና ለማረም ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ። ታዋቂ ሞዴሎች በብዛት በሐሰት ተመሳስለው ስለሚሠሩ የእውነተኛውን ክብደት ከአምራቹ መግለጫ አስቀድመው ጽፈው ቢይዙና የሚገዙትን በወጥ ቤት ሚዛን ቢመዝኑት መልካም ነው።

ከሞዴሎቹ መካከል ለዚህ ዓላማ በመጀመሪያ የምጠቅሰው የጀርመኑን ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮን ነው። ኩባያው ሰፊ፣ ትራሱ ከፋይ የመሰለ ለስላሳ ጨርቅ ነው፤ ከዝጎቹ መካከል ስፋት ባለው ድምፁ ለረጅም ዘመን የተመሰገነ ሲሆን፣ ላይኛው ድምፁ ግን ሹል ስለሆነ ሰ እና ጸ ለሚያስቸግሩት ጆሮ አይስማማም። ኤኬጂ ኬ371 እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሲሆን የድምፁ ሚዛን ከብዙዎቹ የተስተካከለ ነው፤ ሆኖም በሚገባ ካልገጠመ ቤዙን ፈጥኖ ያጣል። ሶኒ ኤምዲአር 7506 እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በስቱዲዮዎች ሲያገለግል የኖረ፣ የንግግርን ስሕተት አጉልቶ የሚያሳይ መሣሪያ ነው፤ ስፋትን ግን ከእሱ አይጠብቁ። ኦዲዮ-ቴክኒካ ኤቲኤች-ኤም50ኤክስ ገመዱ የሚነቀል፣ ራሱም የሚታጠፍ በመሆኑ ለመንገደኛ ይመቻል፤ ቤዙ ጥቂት ይበዛል። ዜንሃይዘር ኤችዲ 280 ፕሮ የውጭ ጩኸት እስከ 32 ዲሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) እንደሚቀንስ አምራቹ ይገልጻል፤ ለዚህም ራስን አጥብቆ ይይዛል። እኔ ብመርጥ ለእርማት ኬ371ን፣ ለደስታ ማዳመጥ ዲቲ 770ን እወስዳለሁ።

ዲቲ 770 ፕሮ በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም (የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ) ስለሚሸጥ ቁጥሩን ሳያዩ አይክፈሉ። 250 ኦም የሆነው በስልክ ብቻ ሲነዳ ድምፁ ዝቅ ስለሚል አምፕሊፋየር (ድምፁን የሚያጎላ መሣሪያ) ይፈልጋል፤ በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው አምፕሊፋየር ደግሞ መብራት ይፈልጋል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር 32 ወይም 80 ኦም የሆነውን ይዞ በስልክና በትንሽ መለወጫ ገመድ መሥራት ከብዙ ጭንቀት ያድናል። ብሉቱዝ ያላቸው ለመንገድ ጥሩ ናቸው፤ ለድምፅ እርማት ግን ድምፁን ስለሚያዘገዩ አልመክራቸውም።

ዝግነትም ልክ አለው። የረዳቱን ጥሪና የልጆችን ጫጫታ በደንብ ይቀንሳል፤ የጄኔሬተርና የሲኖትራክ ጉርምርምታ ግን ዝቅተኛ ድምፅ ስለሆነ ትራሱንም ኩባያውንም አልፎ ይገባል። በዚያ ሰዓት ድምፁን ከፍ ከማድረግ ሥራውን ማቋረጥ ይሻላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚፈቅደው 80 ዲሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በላይ ሦስት ዲሲቤል በተጨመረ ቁጥር የተፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል።

ከውጭ በሚመጣ ዘመድ የሚያስመጡ ከሆነ መሞከርም ሆነ መመለስ አይቻልምና፣ ሞዴሉን እዚሁ ካለው ሰው ተውሰው በራስዎ ላይ ከገጠመ በኋላ ይዘዙ፤ አንድ ጥንድ መለዋወጫ ትራስም አብሮ እንዲመጣ ይለምኑ። የእኛ ሰፈር አቧራ በበጋ በመስኮቱ ስንጥቅ ገብቶ የጨርቁን ትራስ ያጠግበዋል፤ ሰው ሠራሽ ቆዳ የለበሰውም ከጊዜ በኋላ ይላጥና ጥቁር ብጣሹ ጉንጭ ላይ ይቀራል። ትራሱ ሲጠፈጠፍ ጆሮ ወደ ገለፈቱ ይጠጋል፣ ክፍተትም ይፈጠራል፣ የነበረው ስፋት ይጠፋል፤ ብዙ ሰውም ሄድፎኑ ያረጀ መስሎት ይጥለዋል። ስለዚህ በየስድስት ወሩ ያንኑ የበገና ቅጂ ከፍተው ኩባያዎቹን በመዳፍዎ ይጫኑ፤ ቤዙ ከጨመረ ትራሱን ይለውጡ።