በግቢ ዕቃ ውስጥ ጎጆ የሚሠሩ ወፎች፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ የማድቤታችን የቧንቧ ውሃ እያደር እየቀጠነ መጣ። የመስመሩ ግፊት ወርዶ ይሆናል ብለን አንድ ሳምንት ያህል ከጠበቅን በኋላ የቧንቧውን አፍ ማጣሪያ ፈትተን ስናየው፣ በመካከሉ የሣር ስባሪና የላባ ቁራጭ ተሰክቶ አገኘን። ጣሪያ ላይ ወጥተን ሮቶውን ስንመለከት ደግሞ ክዳኑ በፀሐይ ተጣምሞ ከአንድ ጎኑ እጅ የሚያስገባ ክፍተት አበጅቷል፤ ድንቢጦችም በክዳኑና በሮቶው አንገት መካከል ባለው ጠርዝ ላይ ጎጇቸውን ሠርተው፣ ከጎጆው የሚረግፈው ሁሉ ውሃው ውስጥ ይገባ ነበር። ችግሩ ቧንቧ ላይ ታየ እንጂ መንስኤው ጣሪያ ላይ ነበር፤ ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ችግሮችም አብዛኞቹ እንዲሁ ምልክታቸው አንድ ቦታ፣ መንስኤያቸው ሌላ ቦታ የሚገኝ ናቸው።

ወፍ ለጎጆ የምትመርጠው ዝናብ የማይገባበት፣ ድመት የማይደርስበትና የማይንቀሳቀስ ጉድጓድ ወይም መደርደሪያ መሰል ቦታ ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን የግቢ ዕቃዎቻችን ይህን ሁሉ አሟልተው ስለሚያቀርቡላት፣ ወፏን ማባረር ሳይሆን ቀዳዳውን መዝጋት ነው ዘላቂው መፍትሄ።

መጀመሪያ ወፏን መለየት

በከተማ ቤቶች ላይ በብዛት የሚያስቸግሩት ሁለት ናቸው። አንደኛዋ ራሷ ግራጫ የሆነው ድንቢጥ ስትሆን፣ ጎጆዋ በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ የተጠቀጠቀ የሣር፣ የክርና የላባ ክምር ነው። ሁለተኛዋ ርግብ ናት፤ በተለይም በዓይኗ ዙሪያ ቀይ ቆዳ ያላትና ክንፏ ላይ ነጭ ነጠብጣብ የሚታይባት የዱር ርግብ ጥቂት ጭራሮ በሰፊ ጠርዝ ላይ ጣል ጣል አድርጋ ትተኛበታለች። መለየቱ የሚጠቅመው የሽቦ መረቡን ቀዳዳ ስፋት ስለሚወስን ነው፦ ርግብን 5 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ ያለው መረብ ያግዳታል፣ ድንቢጥን ለማገድ ግን ቀዳዳው ከ2 ሳንቲ ሜትር ማነስ አለበት። ለርግብ ታስቦ የተገዛ መረብ ድንቢጥን ጭራሽ ከርግብ የተጠበቀ ምቹ ቤት እንደሚሰጣት ብዙ ሰው የሚያስተውለው ገንዘቡን ካወጣ በኋላ ነው።

ጎጆ ከመነካቱ በፊት ውስጡ እንቁላል ወይም ጫጩት መኖር አለመኖሩን ማየት ያስፈልጋል። ይህን የምለው ለርኅራኄ ብቻ አይደለም፤ ጫጩቶች ውስጥ እያሉ ቀዳዳው ከተደፈነ በውስጥ ሞተው ይሸታሉ፣ እናትየዋም መረቡን ለመክፈት ቀኑን ሙሉ ትታገላለች። ድንቢጥ እንቁላሏን ከታቀፈችበት ቀን አንሥቶ ጫጩቶቿ እስኪበሩ አንድ ወር ገደማ፣ ርግብ ደግሞ ከአንድ ወር ተኩል ያልበለጠ ጊዜ ይፈጅባታል። አጣዳፊ አደጋ ከሌለ ይህን ያህል መታገሥ ይቻላል፤ ጫጩቶቹ በበረሩ ማግስት ግን ወዲያውኑ ማጽዳትና መዝጋት ይገባል፣ ምክንያቱም ሁለቱም ወፎች በዚያው ቦታ ደግመው ይጥላሉ። አሜሪካ ለሚኖሩ አንባቢዎች፣ በ1918 የወጣው የስደተኛ ወፎች ሕግ የአብዛኛዎቹን አገር በቀል ወፎች እንቁላል ወይም ጫጩት ያለበት ጎጆ ማፍረስን እንደሚከለክል፣ የከተማ ርግብና የቤት ድንቢጥ ግን በሕጉ እንደማይሸፈኑ ማወቁ ይጠቅማል።

ውሃው ሲቀጥን፣ ሲሸት ወይም ላባ ሲገኝበት

መንስኤው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ የሮቶው ክዳን በደንብ አይገጥምም፣ ወይ ደግሞ የትርፍ ውሃ መውጫው ቱቦ አፉ ክፍት ነው። ክዳኑ ከተጣመመ ድንጋይ መጫን የተለመደ ቢሆንም ድንጋዩ ጠማማነቱን ያብሰዋል እንጂ አያቃናውም፤ አዲስ ክዳን መግዛት፣ ካልተገኘም ክዳኑን በአራት አቅጣጫ በሽቦ ወደ ሮቶው አንገት መወጠር ይሻላል። የትርፍ ውሃ ቱቦው አፍ ላይ ለመስኮት የሚያገለግለውን ደቃቅ የሽቦ ወንፊት አልብሶ በማሰሪያ ማጥበቅ በቂ ነው። ወንፊቱ ወፍ ብቻ ሳይሆን ትንኝም ይከለክላል፤ በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ቀብሪ ደሃር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን የተገኘው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለው የወባ ትንኝ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ የሚራባ በመሆኑ፣ በተለይ በምሥራቁ አካባቢ ላሉ ከተሞች ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ጎጆው ከተነሣ በኋላ ውሃውን አጣርቶ መጠጣት አይበቃም፣ ምክንያቱም የወፍ ኩስ እንደ ሳልሞኔላ ያሉ ተሐዋስያንን ይይዛል። ሮቶውን ባዶ አድርጎ ግድግዳውንና ወለሉን በብሩሽ መፈተግ፣ ከዚያም በንጹሕ ውሃ ሞልቶ ለእያንዳንዱ 1000 ሊትር 1 ሊትር 5 በመቶ ክሎሪን ያለው በረኪና መጨመር ያስፈልጋል። የቤቱን ቧንቧዎች በየተራ ከፍቶ የበረኪናው ሽታ እስኪመጣ ማፍሰስ፣ ዘግቶም 12 ሰዓት ማቆየት፣ በመጨረሻ ውሃውን ደፍቶ ማጠብ ይገባል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር 1000 ሊትር መድፋት ሆድ ይበላል፤ ስለዚህ ውሃ በሚመጣበት ዕለት ዋዜማ ማድረግና የሚደፋውን በባልዲ እየያዙ ለመጸዳጃ ቤት መጠቀም ይቻላል። በቆይታው ጊዜ ግን ማንም እንዳይጠጣው፣ በተለይ ልጆችና የቤት ሠራተኛዋ አስቀድመው እንዲያውቁ ማድረግ ግድ ነው። በረኪናን ከአሲድነት ካላቸው የመጸዳጃ ማጽጃዎች ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ስለሚፈጥር ፈጽሞ አይደረግም።

የዲሹ ሥዕል ሲቆራረጥ

ሥዕሉ የሚቆራረጠው ዝናብ ሲጥል ብቻ ከሆነ ወፍን መወንጀል አያስፈልግም፤ የዝናብ ደመና ራሱ ሲግናሉን ያዳክማል። ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ጧትና ማታ፣ ማለትም ወፎች ተነሥተው በሚወጡበትና ተመልሰው በሚያርፉበት ሰዓት የሚቆራረጥ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ ዲሹ ክንድ ይሄዳል። ርግቦች ክንዱ ላይ ሲያርፉ በክንዱ ጫፍ ባለው ሲግናል ተቀባይ፣ ማለትም በኤልኤንቢው ፊት ይቆማሉ፣ ኩሳቸውም የኤልኤንቢውን ክዳን ይሸፍነዋል፤ ክዳኑ ከተሰነጠቀ ደግሞ እርጥበት ገብቶ መሣሪያውን ያበላሸዋል። ድንቢጦች በበኩላቸው በዲሹ ጀርባና በግድግዳው መካከል፣ ወይም አፉ ክፍት በሆነው የብረት ቱቦ ውስጥ ይሠራሉ። ለእኔ የመጣ አንድ ባለሙያ ክዳኑን እንኳ ሳይጠርግ ኤልኤንቢውን ለውጦ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ፤ በሳምንቱ ችግሩ ተመለሰ።

ክዳኑን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ፣ የተሰነጠቀ ከሆነ መለወጥ፣ የቱቦዎቹን አፍ በፕላስቲክ መድፈን፣ በክንዱ ላይ ደግሞ ቀጭን ሽቦ ከክንዱ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ መወጠር ነው መፍትሄው። የተወጠረ ሽቦ ርግብን ሚዛን ያሳጣታል። በዚህ ሁሉ ሥራ ዲሹን ላለመግፋት መጠንቀቅ ይገባል፤ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወደሚገኘው ሳተላይት የተቃና ዲሽ በጣት ግፊት ብቻ አቅጣጫውን ሊስት ይችላል። ስለዚህ ከመነካቱ በፊት መጋጠሚያው ላይ በማርከር ምልክት ማድረግ ብልህነት ነው።

ማድቤቱ ጭሱን ሲመልስ

ይህ ከሁሉ አደገኛው ነው። በሳምንት አንዴ ወይም በበዓል ሰሞን ብቻ እሳት የሚነድበት የጓሮ ማድቤት ጭስ መውጫ በመካከሉ ባሉት ቀናት ለድንቢጥ የተዘጋጀ ቤት ይሆናል። ምጣዱ ሲጣድ ጭሱ ወደ ላይ አልወጣ ብሎ ወደ ክፍሉ ከተመለሰ፣ እንጨቱ እርጥብ ነው ብሎ እሳቱን ከማጋጋል በፊት እሳቱን ማጥፋትና በሩን መክፈት ያስፈልጋል። ከሰል ከሆነ የሚያስጠነቅቅ ጭስ እንኳ ላይኖር ይችላል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውምና ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲሰማ ሰው ሁሉ ወዲያው ወደ ውጭ መውጣት አለበት።

ጎጆው ምድጃው ሲበርድ ጫፉ በተቆለመመ ረጅም ሽቦ ከላይ ተስቦ ይወጣል፤ ከታች በእንጨት መግፋት ይበልጥ ያጣብቀዋል። ከዚያ በኋላ የቆርቆሮ ቆብ ከመውጫው አፍ በላይ ከፍ ብሎ እንዲቆም አድርጎ፣ በቆቡና በአፉ መካከል ያለውን ክፍተት ዙሪያውን ቀዳዳው 2 ሳንቲ ሜትር ሊሞላ ጥቂት በቀረው የብረት መረብ መክበብ ነው። ለሮቶው ያመሰገንኩት ደቃቅ ወንፊት እዚህ አይሆንም፤ ጥላሸት በጥቂት ወራት ስለሚደፍነው ወፏ ትታው የሄደችውን ጥፋት ራሱ ይሠራዋል።

ጄኔሬተር፣ ፓውዛና የቆጣሪ ሳጥን

መብራት ለወራት ሳይጠፋ ሲቆይ ጄኔሬተሩ ይረሳል። ድንገት ሲጠፋ በጨለማ ተሯሩጦ ማስነሣት ይመጣል፤ በጭስ ማውጫው ወይም በሞተሩ ማቀዝቀዣ ዙሪያ ደረቅ የሣር ጎጆ ካለ ደግሞ ነዳጅ አጠገብ እሳት ይነሣል። በወር አንድ ጊዜ በቀን ብርሃን ከፍቶ ማየትና ለጥቂት ደቂቃ ማስነሣት ጎጆውንም ያስቀራል፣ ሞተሩንም ይጠቅማል። የጭስ ማውጫውን በጨርቅ መወተፍ ግን አይመከርም፤ ወታፊው ሌላ፣ አስነሺው ሌላ ሰው ሲሆን ጨርቁ እዚያው ይቀራል።

ከፓውዛ ጀርባ የሚሠራ ጎጆም ሙቀት ፈልጎ የመጣ ነው። አሮጌው የሃሎጅን ፓውዛ ሣር ሊያቀጣጥል የሚችል ሙቀት ስላለው መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍቶ፣ ቀዝቅዞ ማጽዳትና ቢቻል በኤልኢዲ መለወጥ ተገቢ ነው። በቆጣሪ ሳጥን ውስጥ ጎጆ ከታየ እጅም እንጨትም መስደድ የለበትም፤ የታሸገውን ማኅተም መቁረጥ በራሱ ያስጠይቃል፣ ስለዚህ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ደውሎ ማስመዝገብ ነው።

አሸንዳው ሲሞላ፣ ክፍሉ ውስጥ ማሳከክ ሲጀምር

በሐምሌ ዝናብ ውሃው አሸንዳውን ዘሎ በግድግዳው ላይ የሚወርድ ከሆነ፣ መውረጃ ቱቦው አፍ ላይ የርግብ ጭራሮ መኖሩ ይጠረጠራል። ግንቦት ላይ መጥረግና የመውረጃውን አፍ በጉልላት ቅርጽ በታጠፈ መረብ መሸፈን ይበቃል።

ሌላው ምልክት ሰውን ግራ የሚያጋባ ነው፦ ጫጩቶቹ በርረው ከሄዱ በኋላ በጣሪያው ጠርዝ አጠገብ ባለው ክፍል የሚተኙ ሰዎች ማሳከክ ይጀምራቸዋል፣ አልጋው ግን ቢፈተሽ ቱኋን የለውም። ከዶሮ ቤት እንደሚወጡት ዓይነት ደም መጣጭ ጥቃቅን ተባዮች ምግባቸው የነበረው ጫጩት ሲሄድባቸው በቆርቆሮው ሞገድ ክፍተትና በኮርኒሱ በኩል ወደ ቤት ይገባሉ። አልጋውን መርጨት ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ባዶውን ጎጆ በላስቲክ አሽጎ ማስወገድና ክፍተቱን መድፈን ነው መፍትሄው።

ደረቅ ኩስ በየትኛውም ቦታ ቢሆን ሳይረጥብ አይጠረግም። በርግብ ኩስ ውስጥ የሚያድገው ክሪፕቶኮከስ የተባለ ፈንገስ ከአቧራው ጋር ወደ ሳንባ ሲገባ በተለይ የመከላከል አቅማቸው በተዳከመ ሰዎች ላይ የማጅራት ገትር ሊያስከትል ይችላል። ማስክና ጓንት አድርጎ፣ ውሃ አርከፍክፎ፣ አርጥቦ መፋቅ ያስፈልጋል።

ሲዲ ማንጠልጠል ለምን አይሠራም

አሮጌ ሲዲ፣ የሚያብረቀርቅ ላስቲክና የፕላስቲክ ጉጉት ለጥቂት ቀናት ያስደነግጣሉ፣ ከዚያ በኋላ ወፏ ትለምዳቸዋለች። ገበሬው ይህን ከእኛ በፊት ያውቀዋል፤ ማሽላው ሲደርስ ማስፈራሪያ ብቻ አቁሞ አይተኛም፣ ልጁን ወንጭፍ አስይዞ ማማ ላይ ያወጣዋል፣ ምክንያቱም ወፏን የሚያስፈራት ዕቃው ሳይሆን የሚንቀሳቀስ ሰው ነው። በጣሪያችን ላይ ቀኑን ሙሉ ወፍ የሚጠብቅ ልጅ ስለሌለን ለሲዲው የምናወጣውን ድካም ለመረቡ ብናውለው ይሻላል። መርዝ ማስቀመጥ ደግሞ የሞተችውን ርግብ የሚበላውን ድመትና ጭልፊት ጭምር ስለሚገድል፣ ከሮቶ አጠገብ ሲሆን ደግሞ ወደ ገዛ መጠጥ ውሃችን ሊወርድ ስለሚችል፣ በምንም ምክንያት አይታሰብም።

እኔ የጭስ መውጫውን ዙሪያ በብረት መረብ ከበብኩት፤ ድንቢጦቹም አሁን በአጥሩ ድንጋይ መካከል ባለ ቀዳዳ ገብተዋል። ያን ቀዳዳ አልደፈንኩትም።