አዲስ ሶኒክ በወጣ ቁጥር የምንሠራቸው ስህተቶች

ለድሮ የሶኒክ (ሰማያዊ ጃርት የሚሮጥበት የቪዲዮ ጌም) ወዳጅ ሶኒክ 4ን ማንሳት ቁስል መነካካት ነው። የጌሙ ባለቤት ሴጋ በ1994 ሶኒክ ኤንድ ናክልስን አወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)፣ ከዚያ 16 ዓመት አስጠብቆ በ2010 «ይኸው ቀጣዩ» አለን። ኤፒሶድ 1፣ ማለትም የመጀመሪያው ክፍል ነበር። ተጫወትነው፣ ቅር አለን። የሚገርመው ግን ለምን ቅር እንዳለን ስንናገር ራሱ እንስታለን፤ ስለዚህ ሌላ ሲወጣ ያው ስህተት ይደገማል።

አንደኛው ቁጥሩን ማመን ነው። «4» ስላለው የድሮው ሶኒክ 3 ወንድም መሰለን። ውስጡ ያለው ግን አዲሱ ሶኒክ ነው፤ ጠላት ላይ በአየር ተወርውሮ የሚለጠፈው፣ ያ ደግሞ ከ1998ቱ ሶኒክ አድቬንቸር የመጣ ነገር ነው። በድሮዎቹ አልነበረም።

ሁለተኛው በዓይን መፍረድ። ጌሙ ሳይወጣ ስንት ጭቅጭቅ ነበር! ዓይኑ ለምን አረንጓዴ ሆነ፣ እግሩ ለምን ረዘመ። ከወጣ በኋላ ደግሞ «ሌቭሎቹ የተኮረጁ ናቸው» ተባለ። እውነት ነው፣ የሶኒክ 4 ሌቭል ስፕላሽ ሂል ያው የድሮው ግሪን ሂል ነው፣ ካሲኖ ስትሪትም የድሮው ካሲኖ ናይት። ግን በ2017 የወጣውና ሁላችንም የወደድነው ሶኒክ ማኒያስ? እሱም በግሪን ሂል ነው የሚጀምረው። ልዩነቱ ማኒያ አሮጌውን ቦታ ይዞ ይጫወትበታል፤ ኬሚካል ፕላንት የሚባለው ሌላ የድሮ ሌቭል መጨረሻ ላይ ከሶኒክ ጠላት ከኤግማን ጋር ባለቀለም ኳስ መደርደር ውድድር ውስጥ ሲከትህ ሳቅህን መቆጣጠር አትችልም። አሮጌ ቦታ መመለስ በራሱ ጥፋት አይደለም።

ሦስተኛው ከሁሉም ይብሳል፦ «ሶኒክ ማለት ፍጥነት ነው» ማለት። ሴጋ ራሱ በማስታወቂያው ሲያስለምደን ስለኖረ አይፈረድብንም። ድሮ ግን ፍጥነት በነፃ አይሰጥህም ነበር። ቁልቁለት ታገኛለህ፣ ኳስ ሆነህ ትጠቀለላለህ፣ መሬቱ ራሱ እየገፋህ ትፈጥናለህ፣ ከዚያ ጫፉ ላይ ስትዘልል ያጠራቀምከው ፍጥነት አብሮህ ይበራል። ዳገት ሲመጣ ደግሞ ትደክማለህ፣ ካልደረስክ ወደኋላ ትንሸራተታለህ። ሌቭሉን ስታውቀው የምትፈጥነውም ለዚህ ነው። ሶኒክ 4 ላይ ይህ ነገር ተበላሸ። አየር ላይ እያለህ ቁልፉን ስትለቅ ወደፊት መብረሩን ትቶ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ቁልቁለት ላይ ስትጠቀለል መፍጠን ሲገባህ ትቀዘቅዛለህ። ጭራሽ ግድግዳ ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ጊዜ አለ፣ መሬት ስበት የሚባል ነገር የረሳው ይመስል! ያንን ለመሸፈን በየቦታው የሚያስፈነጥር ነገር ተደረደረ። ትፈጥናለህ፣ ግን አንተ አይደለህም የምትፈጥነው።

ስለዚህ አዲስ ሶኒክ እጅህ ሲገባ ሥዕሉን ተወውና አንድ ቁልቁለት ፈልግ። ተጠቅለል፣ እጅህን ከቁልፉ አንሳ፣ እይ። ቀጥሎ ሮጠህ ዝለልና አየር ላይ አቅጣጫውን ልቀቀው። ብዙውን ነገር እዚያው ታውቃለህ።

አራተኛው «እኛ ነን ያረጀነው» ብሎ ራስን መውቀስ። ትሕትና ይመስላል፣ ግን ስንፍና ነው። ማኒያን የመሩት ክርስቲያን ዋይትሄድ ራሳቸው ከአድናቂው መንደር የወጡ ሰው ናቸው። ያንን የድሮ አካሄድ እንደነበረ መልሰው አመጡት፣ እኛም በዚያው ባረጀ እጃችን ተጫውተን ተደሰትን። ታዲያ የኛ እርጅና የት ሄደ?

ነጥብ ብቻ አይቶ መግዛትም አለ። ሶኒክ 4 በጊዜው ከብዙ ገምጋሚዎች ደህና ነጥብ አግኝቷል። ሌላ አልጨምርም።

የተስፋ ሒሳብ መክፈል ግን ብዙ ሰው ጎድቷል። «ኤፒሶድ 1» ሲባል የቀረው ይመጣል ብለን ገዛን። ሁለተኛው በ2012 መጣ፣ አካሄዱም ትንሽ ተሻሽሎ ነበር፤ ነገር ግን ለዊ (የኔንቴንዶ መጫወቻ ማሽን) አልወጣም። አንደኛውን በዊ የገዛ ሰው እዚያው ቀረ ማለት ነው! ሦስተኛው ደግሞ ጭራሽ አልተሠራም። ጌም የሚገዛው ዛሬ እጅህ ላይ ባለው ነገር ነው፣ ገና ይመጣል በተባለው አይደለም።

የመጨረሻው «አካሄዱ ከተስተካከለ ሁሉም ተስተካከለ» ማለት ነው። የ2023ቱን ሶኒክ ሱፐርስታርስ ተመልከቱ። መጠቀለሉም ዝላዩም ጥሩ ነው፣ ከላይ ያልኩትን ፈተና ያልፋል። ግን አለቆቹ (ሌቭል መጨረሻ ላይ የሚገጥሙህ ትልልቅ ጠላቶች)! እያንዳንዳቸው ማለቂያ የላቸውም፣ ቆመህ ተራህ እስኪደርስ ትጠብቃለህ፣ አንዴ መትተህ እንደገና ትጠብቃለህ። ዋጋውም ማኒያ ከወጣበት ሦስት እጥፍ ነበር፣ በዚያ ላይ ከኔንቴንዶው ተፎካካሪ ጌም ከሱፐር ማሪዮ ብሮስ ወንደር ሦስት ቀን ቀድሞ ነው የወጣው። ከወደዳችሁት ቅናሽ ሲመጣ ግዙት፤ አለቆቹ ጋ ስትደርሱ ግን ቡና አፍሉ።