ቻይናዊ ባልደረባችሁ የእንግሊዝኛ ስሞችን አጥርቶ እንዲጠራ እንዴት ትረዱታላችሁ?

አብሯችሁ የሚሠራ ቻይናዊ ወይም እንግሊዝኛ የምታስተምሩት ተማሪ አለ እንበል። ወሬውን በደንብ ያወራና ስም ላይ ሲደርስ ይደናቀፋል። ሌላ ቃል ቢጠፋው በሌላ ይተካዋል፤ የሰው ስም ግን ምትክ የለውም። ስለዚህ ከሰዋስው በፊት ስም ላይ ሥሩ።

መጀመሪያ በየቀኑ የሚያገኛቸውን ሰዎች ስም ብቻ መዝግቡ። ከዚያ እሱ እንዴት እንደሚጠራቸው በጥሞና ስሙት። ቶሎ አታርሙት። እሱ ያደገው እነዚህን ስሞች በቻይንኛ ፊደል ተጽፈው እያነበበ ነው። በማንዳሪን፣ ማለትም በዋናው የቻይና ቋንቋ፣ ዴቪድ "ዳዌይ" ነው። ኤልሳቤጥ "ዪሊሻባይ" ትባላለች። ክሪስቶፈርን ለመጻፍ አምስት ፊደል ያስፈልጋል፤ ሲነበብም "ከሊስቱዎፉ" ዓይነት ነገር ነው። ጆን ደግሞ "ዩዌሃን" ነው፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ ስለመጣ ከጆን ይልቅ ለእኛው ዮሐንስ ይቀርባል። እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ በቻይንኛ የተጻፈውን ትቶ በጆሮው እንዲቀበል ማድረግ ነው። ስሙን ሳያነብ ደጋግሞ ይስማው።

ትልቁ ችግር የስሙ መጨረሻ ላይ ነው። እዚህ ጊዜ ስጡት። እኛ ሳድስ አለን፤ "ክ" ወይም "ድ" ብለን ቀጥ እንላለን። የማንዳሪን ቃል ግን የሚያልቀው በአናባቢ ነው፤ ካልሆነ በ"ን"፣ በ"ንግ" ወይም በ"ር" ዓይነት ድምፅ ነው። ስለዚህ ቴድ ወይ "ቴደ" ይሆናል፣ ወይ "ድ" ተውጣ ትቀራለች። መፍትሔው ከስሙ ቀጥሎ በአናባቢ የሚጀምር ቃል ማምጣት ነው። "ቴድ ኢዝ ሂር" በሉት። አያይዞ ሲናገረው "ቴ-ዲዝ" ይሆናል። "ዲ" ደግሞ በቋንቋው ያለች ድምፅ ስለሆነች አታስቸግረውም። ይህን ከለመደ በኋላ "ቴድ" ብሎ እንዲቆም አድርጉ፤ "ድ"ን በሹክሹክታ ቢላት ይበቃል። ቦብንም በዚሁ መንገድ አስጀምሩት።

ቀጥሎ "ቭ" ነው። ማንዳሪን ይህ ድምፅ ስለሌለው ቪክቶር "ዌይክቶር" ይሆናል። "ፍ" ግን አለው። የላይ ጥርሱን በታች ከንፈሩ ላይ አሳርፎ "ፍፍፍ" ይበል። ከዚያ አፉን ሳያንቀሳቅስ ጉሮሮውን ያሰማ። እጁን አንገቱ ላይ ቢያደርግ ንዝረቱ ይሰማዋል። ያ ነው "ቭ"።

የስሚዝ የመጨረሻ ድምፅ ለእኛም ከባድ ነው፤ "ዝ" ወይም "ስ" እያልን እናልፈዋለን። አብራችሁ ተለማመዱት። የምላስ ጫፍ በላይና በታች ጥርስ መካከል ትንሽ ብቅ ይልና አየር ብቻ ይወጣል። የስልክ ካሜራ እንደ መስታወት ያገለግላል። ምላሱ ካልታየ ድምፁ አልመጣም ማለት ነው። ቶማስ ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ አጻጻፉ ይህን ድምፅ ቢመስልም ንባቡ በ"ት" ነው።

ቢል የሚለው ስም "ቢኧር" ከሆነበት፣ የ"ል" ድምፅ እስኪያበቃ ድረስ የምላሱን ጫፍ ከላይ ጥርሶቹ ኋላ ሳያነሣ ይያዝ። በቻይና ሲቹዋን ክፍለ ሀገር ያደጉ ብዙ ሰዎች ደግሞ "ን" እና "ል"ን ስለሚቀላቅሉ ሊንዳ "ኒንዳ" ልትሆን ትችላለች። አፍንጫውን ይዞ ይሞክር። "ል" ሲል ድምፁ አይታፈንም፤ "ን" ሲል ይታፈናል።

ድምፆቹ ከተስተካከሉ በኋላ ክብደቱ ይቀራል። በማንዳሪን እያንዳንዱ ቀለም (ባንድ ትንፋሽ የሚባል የቃል ክፍል) የራሱ ዜማ አለው፤ "ማ" እንደ ዜማዋ እናትም ፈረስም ትሆናለች። ስለዚህ ሁሉንም ቀለም እኩል ይጫናቸዋል። በእንግሊዝኛ ግን አንዱ ይከብዳል፣ ሌሎቹ ይሳሳሉ። ጄኒፈር ላይ መጀመሪያው፣ ሪቤካ (ርብቃ) ላይ መካከለኛው ይከብዳል። ከባዱ ላይ ጠረጴዛ እየመታ ይበል። እኔ ከሁሉ በላይ ይህን እመክራለሁ። "ቭ" ትንሽ ቢያንስ ሰው ይረዳዋል፤ ክብደቱ ከተሳሳተ ግን ባለቤቱም ስሙን ላይለየው ይችላል።

ስታርሙት ብቻችሁን ሆናችሁ እንጂ ሰው ፊት አይሁን። አጻጻፉ የሚያምታታ ስም ሲገጥማችሁ ደግሞ አትገምቱ። ሾን ሲጻፍ "ሲን" ይመስላል። ስቲቨንን "ስቴፈን" የሚልም አለ። ባለቤቱ ስሙን ራሱ እንዲል ጠይቁና፣ ከፈቀደ በስልክ ቅዱት። ቻይናዊው ጓደኛችሁ ከስብሰባ በፊት ያንን ድምፅ ከፍቶ ሁለት ሦስቴ ይከተለው።